«አልሰረዝም» ያለውን ፎልደር ማን ይዞታል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ስላልኩ ግን ገጹን ዘላችሁ እንዳትሄዱ። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰውም ይገባዋል ብዬ ነው የጻፍኩት።

7ኛ ክፍል ከገባን ወዲህ አይሲቲ እየተማርን ነው። ፋይል እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት ሴቭ እንደሚደረግ፣ እንዴት እንደሚሰረዝ ተምረናል። መሰረዝ ቀላል ነው። ፋይሉን በማውስ ትነካላችሁ፣ ኪቦርዱ ላይ ዲሊት የሚለውን ትጫናላችሁ፣ አለቀ። አንዳንዴ ግን አያልቅም። ኮምፒውተሩ «ይህ ፋይል በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል» ይላል፤ ወይም «ፈቃድ የለህም» ይላል፤ ወይም ደግሞ ይሰረዝና ተመልሶ ቁጭ ይላል። ያኔ ሰው ይናደዳል። ዲሊትን አሥር ጊዜ ይጫናል፣ ማውሱን ጠረጴዛ ላይ ይመታል፣ በመጨረሻም አንዲት ቃል ይናገራል፦ «ፎርማት ይደረግ!» ፎርማት ማለት በዲስኩ ወይም በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ማድረግ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ይህቺ ቃል ከመነገሯ በፊት ምን መደረግ እንዳለበት ነው።

ይህን ከየት አወቅሽው ትሉኝ ይሆናል። ታላቅ እህቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የጠዋት ፈረቃ ስሆን ከሰዓት በኋላ ምሳዋን ይዤላት እሄድና እዚያው አመሻለሁ። ወረቀት በስቴፕለር እመታለሁ፣ ጥራዝ እይዛለሁ፣ ሰው ሲበዛ ወረፋ አስጠብቃለሁ። ፍኖተ ሰላም የዞን ከተማ ስለሆነች ከቡሬም፣ ከጅጋም፣ ከማንኩሳም፣ ከደንበጫም ለጉዳይ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ማመልከቻ የሚያስጽፍ አለ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ የሚያስደርግ አለ፣ በጥር ደግሞ የሰርግ ካርድ የሚያሠራ አለ። ሁሉም ፍላሹን ከቁልፉ ጋር አስሮ ይመጣል፤ ሁሉም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። እህቴ «ፍላሽ እንደ ጉንፋን ነው» ትላለች። አንዱ ያመጣውን ሌላው ይዞት ይሄዳል።

መጀመሪያ ያስተማረችኝ መሰረዝ ራሱ ምን እንደሆነ ነው። ከኮምፒውተሩ ላይ የሰረዝነው ፋይል መጀመሪያ የሚሄደው ሪሳይክል ቢን ወደሚባለው ቅርጫት ነው። ከዚያ ማውጣት ይቻላል። ከፍላሽ ላይ ሲሰረዝ ግን በቅርጫቱ አያልፍም። ቢሆንም ፋይሉ ወዲያው አይጠፋም።

«የክፍል መዝገብ አስቢ» አለችኝ። «አስተማሪው ያንቺን ስም ከመዝገቡ ቢፍቁት አንቺ ከወንበርሽ ትጠፊያለሽ?»

«አልጠፋም» አልኳት።

«መቼ ነው የምትጠፊው?»

«ሌላ ተማሪ መጥቶ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ።»

ፋይልም እንደዚሁ ነው። ሲሰረዝ ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ቦታው ላይ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ግን ይዘቱ እዚያው አለ። ስለዚህ በስህተት የተሰረዘ ነገር ካለ ዋናው ጥበብ ፍላሹ ላይ ምንም አዲስ ነገር አለመጫን ነው። ዘፈን ከጫናችሁበት ወንበሩን ለሌላ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ የጠየቅኋት «ታዲያ አንዳንዱ ለምን እምቢ ይላል?» ብዬ ነው። እሷም በበሬ አስረዳችኝ። አባታችን በሬዎቹን ጠምዶ እያረሰ ሳለ አንድ ነጋዴ መጥቶ «ያንዱን በሬ ገመድ ስጠኝ፣ ልንዳው» ቢል አባታችን ይሰጠዋል? አይሰጠውም። መጀመሪያ ቀንበሩ መውረድ አለበት። ፋይልም አንድ ፕሮግራም ከፍቶ እየሠራበት ከሆነ የተጠመደ በሬ ነው። ጽሑፉ በወርድ ተከፍቶ ከሆነ ወርድን መዝጋት፣ ዘፈኑ እየተጫወተ ከሆነ ማጫወቻውን መዝጋት ነው። ተዘግቶም እምቢ ካለ ፕሮግራሙ ከላይ ጠፍቶ ከውስጥ እየሠራ ይሆናል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ የሚሉትን ሦስቱን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባል መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ አሁን የሚሠራው ሁሉ ተዘርዝሮ ይታያል። ያዡን ፈልጎ «ኢንድ ታስክ» ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ ከከበዳችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ሲነሳ ቀንበሩ ሁሉ ወርዶ ያድራል።

ይህ እንግዲህ ቀላሉ ነው። አሁን የምነግራችሁ ግን ልቤን የነካኝን ነው።

በጥር ወር አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት እናት ወደ ሱቁ ገቡ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነገር ነበር። ቋጠሮውን ሲፈቱት ፍላሽ ነው። ጉዳያቸው የመሬት ክርክር ነበር፤ ቀጠሯቸውም በማግስቱ ነው። የመሬት ደብተራቸው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ጣሪያው አፍስሶበት ጽሑፉ ሁሉ ተዘባርቋል። ደግነቱ ልጃቸው ለሥራ ራቅ ወዳለ አገር ከመሄዱ በፊት ደብተሩን ስካን አስደርጎ በዚያ ፍላሽ ላይ አስቀምጦላቸው ነበር።

«ሁለት ቦታ አሳየሁት» አሉ። «አንዱ ውስጡ ምንም የለም አለኝ። አንዱ ደሞ ታሟል፣ ሙልጭ አርገን እናጥፋውና አዲስ ይሆናል አለኝ። እኔ ግን ዝም ብዬ ይዠው መጣሁ። እስቲ አንች እይው ልጄ። እንዳታጠፊብኝ ብቻ።»

እህቴ ፍላሹን ሰካችው። አራት ነገር ብቻ ይታያል። አራቱም ፎልደር ይመስላሉ፤ ግን ጥጋቸው ላይ ትንሽ የተጠማዘዘ ቀስት አላቸው። ሾርትከት ናቸው። ሾርትከት ማለት ፋይሉ ራሱ አይደለም፤ ወደ ፋይሉ የሚጠቁም ጣት ነው። እህቴ አንዱን ሰረዘችው። ጠፋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ ሳልጨርስ ተመልሶ ቁጭ አለ። ደግማ ሰረዘችው። ደግሞ መጣ።

እኔ «ኧረ እታለም፣ ይሄ ነገር ጋኔን አለበት» አልኳት። ሳቀችና «ጋኔን የለበትም። ሰው የጻፈው ነው» አለችኝ።

ከዚያ ያደረገችው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ወደ መሰረዝ አልተመለሰችም። ፍላሹን በቀኝ ማውስ ነክታ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ከፈተች። የተያዘው ቦታ ከ3 ጊጋ ባይት በላይ ይላል። የሚታዩት አራቱ ሾርትከቶች ግን አንዳቸውም 2 ኪሎ ባይት አይሞሉም። እስቲ አስሉት! አራቱ ተደምረው 8 ኪሎ ባይት አይሞሉም፤ 3 ጊጋ ማለት ግን ከ3 ሚሊዮን ኪሎ ባይት በላይ ነው። ጎተራው ሙሉ ሆኖ በሩ ላይ አራት ፍሬ በቆሎ ብቻ እንደማየት ነው። ፍላሹ ባዶ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ቦታ አይያዝም ነበር።

እህቴ ወደ እናትየዋ ዞራ «እማማ፣ ወረቀትዎ አልጠፋም። ተሸፍኖ ነው» አለቻቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ቫይረስ ፋይል አያጠፋም፤ ይደብቃል። እውነተኛውን ፎልደር «ድብቅ» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ዊንዶውስ እንደዚህ ያለውን ነገር ለሰው አያሳይም። ከዚያ ቫይረሱ በዚያው ስም ሾርትከት ይሠራና ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ሰው ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ሁለቴ ጠቅ ሲያደርገው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሳዋል። ቫይረሱም ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ፣ የተሰካውን ፍላሽ ሁሉ እያየ፣ የተሰረዘውን ይመልሳል። እዚያ ሱቅ በቀን ስንትና ስንት ፍላሽ ይሰካል፤ ከአንዱ ደንበኛ ገብቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ስለዚህ እህቴ ታስክ ማናጀሩን ከፈተች። ከዝርዝሩ ውስጥ ደብሊው ስክሪፕት የሚል አገኘች። «ይህ ራሱ ቫይረስ አይደለም» አለችኝ። «የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ ነው። ቫይረሱ ግን እንደ አሽከር ያዘዋል።» ኢንድ ታስክ አለችው። ከዚያ ሾርትከቶቹን ሰረዘች። ቆጠርኩ። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። አልተመለሱም።

ቀጥሎ ያንን ጥቁር መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ከፈተችና «አትሪብ» የሚል ትእዛዝ ጻፈች። ከኋላው ሲቀነስ ኤች፣ ሲቀነስ አር፣ ሲቀነስ ኤስ አስከተለች፤ ከዚያም የፍላሹን ፊደል። ኤች ማለት ድብቅ፣ አር ማለት የሚነበብ ብቻ፣ ኤስ ማለት የሲስተም ነው። ሲቀነስ ማለት ደግሞ «ይህን ምልክት አንሳለት» ማለት ነው። ምንም አልሰረዘችም፤ መጋረጃውን ብቻ ነው የገለጠችው። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። የቫይረሱ ፋይልም አብሮ ብቅ አለ፤ እሱን አሁን ስትሰርዘው ያለምንም ጭቅጭቅ ተሰረዘ። ያዡ ስለለቀቀው ነው።

ከፎልደሮቹ አንዱ ውስጥ ደብተሩ ነበር። በኛ ክልል የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን እንደሚለጠፍ ታውቃላችሁ። እህቴ ስትከፍተው የሁለት ሰው ፊት መጣ። እናትየዋ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ሌላ ፎቶ የላቸውም። እጃቸውን ዘርግተው መስታወቱን ነኩት።

«ይኸው እሱ» አሉ። «ሁለት ጊዜ ሊያጠፉት ነበር እኮ።»

ከዚያ ሌላ ብዙ አልተናገሩም። ለቀጠሮው የሚሆን ሁለት ኮፒ ወሰዱ። የባለቤታቸውን ፎቶ ደግሞ እህቴ ለብቻው አውጥታ በደህና ወረቀት አተመችላቸው። ሲወጡ «እድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የዚህችንም ልጅ እጅ እንዳንቺ ያርግላት» ብለው መረቁን። እኔ ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ፎርማት ያሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ቸኩለዋል፣ ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ፍላሹንም ማዳን ፈልገዋል። ግን ፍላሽ በገንዘብ ይገዛል። ያ ፎቶ ግን በምን ይገዛል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ፎርማት የተደረገውን ለመልቀም ግን በጣም ከባድ ነው።

በነገራችን ላይ ሾርትከት የሚያታልለው እኛን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታወቀ ስቱክስኔት የሚባል ቫይረስ ነበር። እሱም በፍላሽ ይተላለፍ ነበር። የሱ ሾርትከት ጠቅ እስኪደረግ እንኳ አይጠብቅም፤ ፍላሹ ተከፍቶ ሥዕሉ ከታየ ይበቃው ነበር። በኢራን አገር ናታንዝ በሚባል ቦታ ዩራኒየም የሚያጣሩ ማሽኖችን አበላሽቷል። ትልልቅ መሐንዲሶች ያሉበት ቦታ ከገባ የኛ ፎቶ ኮፒ ቤት ቢገባ አይገርምም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤታችን ልምጣ። በእረፍት ሰዓት ዘፈንና ማስታወቂያ የምናሰማበት የክበባችን ኮምፒውተር ሞልቶ አዲስ ፕሮግራም መቅዳት አልቻልንም ነበር። ቦታ የያዘው አንድ ፎልደር ነው። ሲሰረዝ «ስሙ በጣም ረጅም ነው» እያለ እምቢ አለ። ከክበቡ ልጆች አንዳንዶቹ «ፎርማት ይደረግ» አሉ። እኔ እጄን አወጣሁና «መጀመሪያ ውስጡን እንየው» አልኩ።

አየነው። ኮፒ ሲደረግ አንዱ ፎልደር በሌላው ውስጥ፣ ያም በሌላው ውስጥ እየገባ፣ ሁሉም ረጅም ረጅም ስም አላቸው። ዊንዶውስ የአንድን ፋይል አድራሻ የሚቆጥረው ከዲስኩ ፊደል ጀምሮ እስከ ፋይሉ ስም ድረስ ነው። እንደ ቤታችን አድራሻ ማለት ነው፤ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ እየተባለ ይጻፋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ260 ፊደልና ምልክት በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይቸገራል፤ ፋይሉ አለ፣ አድራሻው ግን አይበቃውም። መፍትሔው ስሙን ማሳጠር ነው። የላይኛውን ፎልደር «ሀ»፣ ቀጣዩን «ለ»፣ ቀጣዩን «ሐ» እያልን ቀየርነው። ግን ከመሰረዛችን በፊት ታችኛው ፎልደር ውስጥ ምን እንዳለ ከፍተን ሰማን። ያለፈው ዓመት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች መሰናበቻ ነበር፤ የትምህርት ቤታችን የጥበቃ አባት በእረፍት ሰዓት የነገሩን ተረትም ነበር። ሌላ ቦታ ቅጂ የላቸውም። እነሱን አውጥተን በሁለት ቦታ አስቀመጥን። ከዚያ የቀረውን ሰረዝነው። አንድ እረፍት ብቻ ነው የፈጀብን።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ክፍላችን ውስጥ «ኮን የሚል ፎልደር መሥራት አይቻልም፤ የቢል ጌትስ የልጅነት ቅጽል ስም ስለሆነ ከልክሎት ነው» የሚል ወሬ አለ። ውሸት ነው። «ኮን» ከ1981 እ.ኤ.አ. ከዶስ ዘመን ጀምሮ ለኪቦርዱና ለስክሪኑ አንድ ላይ የተሰጠ ስም ነው። እንደዚሁ «ፒአርኤን» ለማተሚያ የተሰጠ ነው። ኮምፒውተሩ ስሙን ሲያይ ፎልደር ሳይሆን ዕቃው የተጠራ ይመስለዋል። አንዳንድ ቀልደኛ በዘዴ እንዲህ ያለ ፎልደር ይሠራና ሌላው መሰረዝ ሲያቅተው ይስቃል። ይህም ቢሆን በጥቁሩ መስኮት ሙሉ አድራሻውን በተለየ አጻጻፍ በመስጠት ይሰረዛል። የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ የምትፈልጉ ካላችሁ በክበባችን ቀን ኑና ሰሌዳ ላይ እጽፍላችኋለሁ።

ሁሉም እምቢታ ግን መሸነፍ አለበት ማለት አይደለም። መምህሩ በአድሚኒስትሬተር ስም ያስቀመጡትን ፋይል እኛ «ተማሪ» በሚለው አካውንት ገብተን ብንሰርዝ «ፈቃድ የለህም» ይለናል። ይህ ደግ እምቢታ ነው። መፍትሔው መምህሩን ማስፈቀድ ነው እንጂ በጓሮ መዞር አይደለም። የዊንዶውስን የራሱን ፎልደር ልሰርዝ ብትሉም እምቢ ይላችኋል፤ ያን የሚያደርገው የቆማችሁበትን ቅርንጫፍ እንዳትቆርጡ ነው። የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ መንሸራተቻም አለች፤ እሷ ወደ «ሎክ» ከሄደች ምንም አይሰረዝም። ቫይረስ ነው ከማለታችሁ በፊት እሷን እዩዋት። መብራት በድንገት ሲጠፋ ወይም ፍላሹ እየሠራ ሲነቀል ደግሞ መዝገቡ ራሱ ይበላሻል። ያኔ ቼክ ዲስክ የሚባል ማስተካከያ አለ። እሱም ቢሆን የሚፈለገው ፋይል መጀመሪያ ከወጣ በኋላ ነው የሚሻለው።

እንግዲህ ፋይል እምቢ ሲላችሁ ይህን አስታውሱ። መጀመሪያ «ማን ይዞታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ «ውስጡ የማን ምን አለ?» ብላችሁ እዩ። የሚያስፈልገውን ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ያዡን አስለቅቁ። ከዚያ ሰርዙ። ቫይረስ ከነበረ ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ ሳታስፈትሹ ሌላ ፍላሽ አትሰኩ፤ አለበለዚያ ነገ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ፎርማት የመጨረሻው ነው፤ እሱም ባለቤቱ አውቆ ሲፈቅድ ብቻ። ባለቤቱ ማንበብ የማይችል ሰው ከሆነ ደግሞ በደንብ አስረዱት። «ፎርማት» የምትለዋ ቃል ምን እንደምትወስድበት ሳያውቅ «እሺ» ሊል ይችላል።

እኛ የሊበን ልጆች ወደፊት ብዙ ሰው ፍላሹን ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። እናት፣ አባት፣ ጎረቤት «አንች ተምረሻል፣ አንተ ተምረሃል፣ እስቲ እይልኝ» ይለናል። በዚያች ፍላሽ ውስጥ የሰው ጉዳይ አለ። ቀስ ብለን እንየው።

ቸር ይግጠመን።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል